ዋስ ለመሆን ብሔር ፍለጋ

በዚህች አገር ሰው ሁለት ጊዜ ይወለዳል፤ አንዴ ከእናቱ፣ አንዴ ከቀበሌ። ምጡ የሚጠናው የሁለተኛው ነው! ከእናትህ ስትወለድ "ወንድ ነው!" ይባላል፣ እልል ይባላል፣ በቃ። ቀበሌ ግን "ወንድነቱስ ይሁን... ብሔርህ ምንድነው?" ይልሃል። አንተ አንባቢዬ ምናልባት ጥርት አድርገህ ታውቀው ይሆናል። እኔ ግን አርባ ዓመት አልፎኝ፣ ካዛንቺስ ተወልጄ ካዛንቺስ የሸበትኩት ሰውዬ፣ ባለፈው ዓርብ ስጠየቅ ምላሴ ተሳሰረ።

የነገሩ መነሻ የሚስቴ ወንድም ቢኒ ነው። ቢኒ ሐሙስ ዕለት ኦሎምፒያ አካባቢ ካለ ኳስ ማሳያ ቤት ገብቶ፣ በሁለት የእንግሊዝ ቡድኖች ምክንያት የአንዱን ደጋፊ ጥርስ አነቃነቀና ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ልብ አድርግልኝ! ቢኒ እንግሊዝን ካርታ ላይ አሳይ ቢባል ጣቱን ሱዳን ላይ ነው የሚያሳርፈው። የማን ወገን እንደሆነ ግን ቅንጣት ታህል አይጠራጠርም። በዚህ በኩል ከእኔ ይሻላል።

መታሰሩስ ባልከፋ፤ ሰው ይታሰራል፣ ይፈታል። ችግሩ፣ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ አባት፣ ቄራ ሥጋ ቤት ያላቸው ቆፍጣና ሰው፣ "ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ልጁን በዓይኔ ልየው" ብለው ለቅዳሜ ጠዋት ቀጥረውታል። ቀረ ማለት ልጅቷም ቀረች ማለት ነው። ጣቢያው ደግሞ "የታደሰ መታወቂያ ያለው ዋስ ዛሬ ካልመጣ እስከ ሰኞ ይቆያል" ብሏል። ሚስቴ ሠናይት ዓይኗ በለቅሶ አብጦ፣ "ወንድሜን ሳትይዝ በዚህ በር እንዳትገባ!" አለችኝ። መታወቂያዬን መዝዤ ባየው... ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ቀበሌ!

ጸሐፊዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ ሰው ላይ አልዋሽም። አሮጌውን መታወቂያ አገላብጣ አየችና፣

"ጋሼ፣ ብሔር የሚለው ላይ ጭረት ነው ያለው" አለችኝ።

"አዎ፣ ጭረት ነኝ። እስከ ዛሬ ማንም አልነካኝም።"

"አሁን ጭረት አይቻልም። ብሔርዎን ይንገሩኝ።"

"ኢትዮጵያዊ በይው።"

"እሱ ዜግነት የሚለው ላይ ተጽፏል። ሁለቴ ኢትዮጵያዊ መሆን አይቻልም።"

ሰማህ? አንዴውንስ መች ቻልነው!

"እሺ፣ ካዛንቺስ በይኝ።"

"ሰፈር አልጠየቅኩም ጋሼ። ሕገ መንግሥቱ የሚለው ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው። ከየትኛው ነዎት?"

"እንግዲያው ከሕዝቦቹ መሃል ጣል አድርጊኝ፤ ጥግ ይበቃኛል።"

አልሳቀችም። ሕግ ምን ጥርስ አለው፣ የሚነክስበት ካልሆነ በቀር!

በቅሎን "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "እናቴ ፈረስ ናት" አለች ይባላል። እሷ ታድላለች፤ ሁለት ወገን ብቻ ነው ያላት። የእኔ የአባቴ አባት ከመንዝ በወታደርነት ሄደው ጅማ የቀሩ ናቸው። የአባቴ እናት የሰላሌ ኦሮሞ። የእናቴ ወገን ግማሹ ጉራጌ ነው፤ ቀሪውን ግማሽ እሷም ሳታጣራው አረፈች። ምን ላድርግ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና የነዳ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ከሬዲዮ ጋር የሚጣላ ሰው ነው።

"አባባ፣ ብሔራችን ምንድነው?"

"ምን አጠፋህ?"

"ምንም አላጠፋሁም! ቀበሌ ጠይቀውኝ ነው።"

"ስማኝ ልጄ" አለ፣ "በጃንሆይ ጊዜ 'የማን ልጅ ነህ?' አሉኝ፤ የአባቴን ስም ጠራሁላቸው። በደርግ ጊዜ 'መደብህ ምንድነው?' አሉኝ፤ ሰፊው ሕዝብ ነኝ ብዬ ተገላገልኩ። አሁን ደግሞ ብሔር? እኔ መልሱን አጥንቼ ስጨርስ እነሱ ጥያቄውን ይለውጡታል! ተወኝ፣ ዜና ላዳምጥበት።" ዘጋው።

ጸሐፊዋ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "እንግዲህ መታወቂያቸው የታደሰ ሦስት የሰፈር ሰዎች መጥተው ይመስክሩልዎ" አለችኝ። እየው እንግዲህ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ጎረቤት ተጠርቶ ሊነግረኝ ነው! ሮጥኩ። ባለ ሱቁ ጋሽ ሽረፋ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ። የእድራችን ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር አቶ ደጀኔም መጡ። ሦስቱም የታደሰ መታወቂያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ተሰለፉ። ኮራሁ ብልህ ታምነኛለህ?

ጋሽ ሽረፋ ቀደሙ። "ጉራጌ ነው! አረፋ በመጣ ቁጥር እኔ ቤት ክትፎ እንደሱ የሚያነሳ ሰው አላየሁም። ይሄ በደም ካልሆነ በልምድ አይመጣም።"

"ኤዲያ!" አሉ እትዬ ዘነቡ። "ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ! እናቱ ስታምጥ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። 'ማርያም ማርያም' ያለችው በጥርት ያለ አማርኛ ነው። አማራ ነው ልጄ፣ ጻፊው።"

አቶ ደጀኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጉዳዩን ለመረዳት ከጥንቱ የሕዝቦች ፍልሰት መነሳት ያስፈልጋል..."

"አባቴ፣ በአጭሩ ያድርጉልኝ፤ ልንዘጋ ነው" አለች ጸሐፊዋ።

"በአጭሩ ኦሮሞ ነው። የሴት አያቱን መዘንጋት የታሪክ ስህተት ነው።"

አንድ ለአንድ ለአንድ! ሦስቱ ሽማግሎች እኔን መሃል አድርገው ይሟገቱ ጀመር። እኔን የሚያየኝ የለም፤ የራሴ ለቅሶ ላይ የመጣሁ ነው የመሰለኝ። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየች፣ እኔም አየሁ፤ ቢኒ ትዝ አለኝ፣ ሠናይት ትዝ አለችኝ፣ በተለይ ሠናይት። "እህቴ፣ ቀድሞ የመሰከረውን ጻፊ!" አልኩ። ጻፈች። ጋሽ ሽረፋ አቅፈው ሳሙኝ። እትዬ ዘነቡ አኮረፉ። አቶ ደጀኔ ታሪክ እንደሚፈርድ አስጠነቀቁ።

ሦስቱም ግን "ልጁን ሳናስፈታ አንመለስም" ብለው ተከትለውኝ መጡ። ታክሲ ውስጥ ክርክሩ ቀጠለ። ኡራኤል ጋ መንገዱ ሲዘጋጋ ወያላው ሳይቀር "እኔስ ወላይታ ይመስለኛል" አለ። ጣቢያው ስንደርስ ሳጅኑ ሊወጣ ቆቡን አንስቷል።

"መታወቂያ!"

ሰጠሁት። ገና ቀለሙ አልደረቀም። ፎቶዬን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ፎቶዬን አየ።

"ማህተሙስ?"

ማህተም! በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ልጅቷ ማህተም ሳትመታበት ሰጥታኛለች፤ እኔም ሳላይ ይዤው ሮጫለሁ። ቀበሌው ይሄኔ ተዘግቷል። አንባቢዬ፣ ማልቀስ ቃጣኝ፤ እውነቴን ነው።

"ሳጅን፣ በናትህ! ስንት ነገር አልፌ ነው ያገኘሁት። ካላመንክ ይኸው ሦስት ምስክር!"

"የምን ምስክር?"

"የማንነቴ።"

ሳጅኑ ሦስቱን አዛውንቶች አንድ በአንድ ቃኛቸው።

"የእነሱስ መታወቂያ ታድሷል?"

"እንዴታ! ማህተሙም እንደ ፀሐይ ነው የሚያበራው፤ ባይታደስ መች ምስክር ይሆኑኝ ነበር?"

"ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ከእነሱ አንዱ ለምን ዋስ አልሆነም?"

ዞሬ ሦስቱን አየኋቸው። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አላውቅም።

ጋሽ ሽረፋ ቀስ ብለው ቀረቡና መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሳጅኑ ስማቸውንና የቤት ቁጥራቸውን ገለበጠ፣ "እዚህ ይፈርሙ አባቴ" አለ። ፈረሙ። "ልጁን አምጡት!" ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ። በቃ፣ አለቀ!

እኔ ተናደድኩ። የእኔ ቀን የት ሄደ?

"ቆይ ሳጅን" አልኩ፣ "ብሔራቸውን አትጠይቃቸውም?"

ሳጅኑ ቆቡን ራሱ ላይ እያደረገ፣ "ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?" አለኝ። "ልጁ ቢጠፋ የማስረው እሳቸውን ነው እንጂ ብሔራቸውን ነው እንዴ?"