በቅቤው ብልቃጥ ላይ ያሰመርኩት መስመር

እኛ ዘንድ መክሳት ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። የወፈረ ሰው ሲያዩ «ተመችቶሃል!» ይሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገው ያልፋሉ፤ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። ለከሳ ሰው ግን ፋይል ይከፈትለታል። «ምነው፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?» ይባላል። ደኅና ነኝ ካለ ደግሞ ይብስበታል፤ ደኅና የሆነ ሰው ለምን ይከሳል? ወይ በሽታ ደብቋል፣ ወይ ከሥራ ወጥቷል፣ ወይ ትዳሩ ተናግቷል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እናንተም የሆነ ሰው ጉንጩ ገባ ብሎ ስታዩ ዝም ብላችሁ አላለፋችሁም።

እኔ ግን መክሳት የጀመርኩት ታዝዤ ነው። ዳውንታውን አትላንታ፣ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች ጠባብ ዳስ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጬ ስሠራ ምሳዬ በወረቀት ከረጢት የሚመጣ የተጠበሰ ዶሮ ነበር። ታዲያ ሐኪሜ ደሜን መረመረችና ስኳር ደጃፌ ላይ እንደቆመ ነገረችኝ። ሦስት ወር ሰጠችኝ። እስከዚያ ክብደቴ ካልቀነሰ መድኃኒት ልትጀምርልኝ፣ ከቀነሰ ልትተወኝ ተስማማን። አትቸኩል፣ በሳምንት አንድ ፓውንድ ይበቃል፣ ብቻ የምትበላው ውስጥ ምን እንደገባ እወቅ አለችኝ። ቤቴን የበጠበጠችው ይህች የመጨረሻዋ ምክር ናት።

ወጥ ውስጥ ምን እንደገባ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ስኔልቪል ባለው ቤታችን፣ ማዕድ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ወይንሸት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የምትገባው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት እሷ ተኝታ እያለ ሽንኩርቱን በውኃ አቁላላለሁ፣ ዘይቱን በሻይ ማንኪያ እለካለሁ፣ ጎመኑን እከትፋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዛን ላይ እወጣና ቁጥሩን የፍሪጁ በር ላይ በለጠፍኳት ወረቀት እጽፋለሁ። እኔን ያበረታችኝ ያቺ ወረቀት ነች። ሰባት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ፤ ቀበቶዬንም በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ቀዳዳ በመብሳት እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

በስምንተኛው ሳምንት ቁጥሩ ቆመ። በዘጠነኛው አንድ ፓውንድ ጨመረ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚዛኑን ነው። ከመታጠቢያ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ጋራዥ ወሰድኩት፤ የትም ብወስደው ቃሉን አልለወጠም። ቀጥሎ ራሴን ጠረጠርኩ፤ በእንቅልፍ ልቤ እየተነሳሁ እበላ ይሆን? በመጨረሻ ድስቱን ጠረጠርኩ። ጠዋት ሠርቼ የምሄደው ምስር ወጥ ማታ ስመለስ ጣፍጦ ይጠብቀኝ ጀምሯል። የእኔ እጅ እንደዚያ አይጣፍጥም። ራሴን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ያደረግኩትን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን ልንገራችሁ። የንጥር ቅቤውን ብልቃጥ ከፍሪጅ አወጣሁና፣ ቅቤው በደረሰበት ልክ፣ ከውጭ በኩል በጥቁር ማርከር ቀጭን መስመር አሰመርኩበት። ሃያ ሦስት ዓመት በትዳር ኖሮ ሚስቱን በማርከር የሚሰልል ሰው አስቡት! በአራተኛው ቀን ቅቤው ከመስመሩ ሁለት ጣት ወርዶ አገኘሁት። እኔ አልነካሁትም፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው ደግሞ ሁለታችን ብቻ ነን። ምን አስባ ነው? እንዳልከሳ የምትፈልግበት ምን ምክንያት አላት? ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ፤ ደግ ደጉን ማሰብ አቃተኝ፣ አፍ አውጥቼ መጠየቁንም ፈራሁ። ሐኪሜ ዘንድ ልቀርብ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚዛኑ ላይ እንደቆምኩ በር ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ሦስት ሽማግሌዎች ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመዋል። ከፊት ያሉት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ፓይን ሌክ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ታደለ ናቸው። እዚህ አገር ሰው ሳይደውል አይመጣም። ሳይደውሉ፣ በጠዋት፣ ሦስት ሆነው የሚመጡ ሰዎች የሚያመጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ። አገር ቤት ያለችው እናቴ ዓይኔ ላይ ድቅን አለች። በሩን ከፈትኩ።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

«እናትህ ደኅና ናቸው። ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣነው» አሉኝ ጋሽ ታደለ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ መቼም ትዳር ውስጥ የማይጋጭ የለም። ምን አጣላችሁ?»

«ኧረ ጋሽ ታደለ፣ አልተጣላንም!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። «ገበያ ውስጥ ብቻህን ሽንኩርትና ዝንጅብል ስትመርጥ ታይተሃል። ፊትህም አልቋል። በሰላም ያለ ባለትዳር ለራሱ ይቀቅላል?»

ስለ ሐኪሜ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ፍሪጁ ወረቀት ዘርዝሬ አስረዳሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና አንዱንም አላመኑኝም። ወይንሸት ተጠራች።

«አንቺስ ልጄ፣ ቅሬታ አለሽ?» አሏት።

የለኝም ትልና ነገሩ በሳቅ ያልቃል ብዬ ስጠብቅ እንባዋ መጣ።

«አለኝ» አለች። «ወጡ ውስጥ ቅቤ የምጨምረው እኔ ነኝ። ሺፍት ከመግባቴ በፊት ድስቱን ከፍቼ እጨምርበታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«አባቴም የጀመረው እንዲህ ነው» አለች። «ቀበቶው ሰፋው። ቀለል ብሎኛል እያለ ይስቅ ነበር፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ቀበርነው። አሁን እሱ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስኬሉ ላይ ወጥቶ ዌይት ሉዝ አደረግኩ፣ ቀነስኩ እያለ ሲደሰት፣ እኔ እንቅልፍ የለኝም። ዶክተሯ አለች የሚለኝም እሱ ራሱ ነው። ታሞ ቢደብቀኝስ?»

አፈርኩ። እኔ በማርከር ስሰልላት እሷ በማንኪያ ልታድነኝ ስትታገል ከርማለች። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ወረቀቴን አይቼ ተደሰትኩ እንጂ፣ አንድም ቅዳሜ ዞር ብዬ የእሷን ፊት አላየሁም።

ጋሽ ታደለ ብዙ አሰቡና ፈረዱ። ወይንሸት ሐኪሜ ዘንድ አብራኝ ገብታ በጆሮዋ ትስማ፤ ቅቤው ደግሞ የጠቡ መነሻ ስለሆነ በሽማግሌ እጅ፣ በአደራ ይቀመጥ። ሲወጡ ብልቃጡን ተቀበሉኝ፣ ክዳኑን ከፈት አድርገው አሸተቱትና ኮታቸው ስር ሸጎጡት። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ቀኑ ሲደርስ አብረን ገባን። ወይንሸት ሐኪሜን በጥያቄ አፋጠጠቻት፤ የደም ምርመራውን ውጤት ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። ክብደቴ ቀንሷል፤ ስኳሩም ከደጃፌ ፈቀቅ ብሏል፤ መድኃኒቱ ቀረልኝ። መኪና ውስጥ ስንገባ ወይንሸት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ብዙ ቆየች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጥሩን የምትጽፈው እሷ ናት። አንድ ፓውንድ የሚወርድበት ሳምንት አለ፣ ግማሽ የሚወርድበት አለ፣ ጭራሽ የማይወርድበትም አለ። ባልወረደ ቀን ሁለታችንም ዞር ብለን ድስቱን እናያለን።

ቅቤውስ? ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለበዓል ስለፈለግነው ፓይን ሌክ ሄድኩ። ጋሽ ታደለ ሸሚዛቸው ሆዳቸው ላይ ተወጥሮ በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ብልቃጡንም ሰጡኝ። መስመሬን ፈለግኩ፣ አገኘሁት። ከመስመሩ በታች ግን ብልቃጡ ባዶ ነው፤ ጥርት ብሎ ታጥቧል።

«የዚህ አገር ቅቤ እኮ ይተናል» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ጋሽ ታደለን ከቦ «ተመችቶዎታል!» እያለ ሲስማቸው አየሁ። ስኳርዎ እንዴት ነው ያላቸው አንድም ሰው የለም። እኔና ወይንሸት ተያየን። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳንደውል፣ ሚዛናችንን ይዘን ቤታቸው ልንሄድ ተስማምተናል። ጥቁር ኮት ግን አንለብስም።