ቦይለሬ እኔን ያስለወጠ ለት

የሰደበኝ መርዕድ ነው፤ የባለቤቴ የአሰገደች ታናሽ ወንድም። ቀኑ ጥር 21 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ የአስተርዮ ማርያም ለት ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቦታው የገዛ ቤቴ ነው፤ የበላውም የኔን ዶሮ ነው። እጁን ሊታጠብ ገብቶ ቦይለሬን ነካክቶ ተመለሰና፣ እንግዳ ሁሉ በተቀመጠበት፣ «ጋሽ ዘርጋው ማለት ቁርጥ ቦይለራቸውን ናቸው» አለ። «ቀኑን ሙሉ ሲበሉ ይውላሉ፤ ሲከፍቷቸው ግን ቀዝቃዛ።»

አሥራ ስድስት ሰው ሳቀ። ቆጥሬያለሁ። የንስሐ አባታችን እንኳ ጢማቸውን ይዘው ዞር አሉ። እኔ ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ እሱ በኤሌክትሪክ ዲፕሎማ አለው። መልሱ በሰዓቱ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ልተኛ ጫማዬን ሳወልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ሳቂዎቹ ሄደዋል።

ከዚያ ወዲህ አሰገደች «ይሄ ቦይለር ይለወጥ፤ መብራቱን በላው» ባለች ቁጥር እምቢ ስል ኖርኩ። ቦይለሩን ለወጥኩ ማለት መርዕድ ልክ ነበር ማለት ነው። ግቢያችን አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ስለሚኖር፣ ቦይለር የሚለኩስ ሰው አስቀድሞ በረንዳ ላይ ወጥቶ መጮህ አለበት፤ ሌላው ምድጃውን ካላጠፋ ለሁሉም ድርግም ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ጮኼያለሁ። ትናንት ግን አሰገደች ሳታማክረኝ፣ «ነገ ጠዋት መርዕድ መብራት የሚቆጥበውን አዲሱን ይዞ ይመጣል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይህን ይዤ ተኛሁ። ሕልሙም መጣ።

ራሴን ያገኘሁት መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ግራና ቀኝ ትከሻዬ በብሎን ታስሮ ተሰቅያለሁ። ቦይለሩ የኔን ኮት ለብሶ፣ የኔን ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ጥርሱን ይፍቃል። ጥርስ ከየት እንዳመጣ አልጠየቅኩም። ቀና ብሎ አየኝና በረንዳ ላይ ወጣ።

«ጎረቤት! ሰውዬውን ልለኩስ ነው፤ ባሎቻችሁን አጥፉ!»

«ቆይ እስቲ፣ የኔው ካልሲውን እያደረገ ነው» አሉ እትዬ ውድነሽ ከማዶ።

«በአንድ ካልሲ ይጥፋ። እቸኩላለሁ።»

ተክ፣ ተክ፣ ተክ፣ ተክ። አራት ባል ጠፋ፤ አንደኛው ማንኪያው አፉ ውስጥ እንዳለ። ያን ጊዜ እኔ በራሁ። ሆዴ መንተክተክ ጀመረ። ቦይለሩ መዳፉን ደረቴ ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ ጠበቀ።

«በቃ፣ ይሄ ሰው ይለወጥ» አለ። «ግቢውን ጨረሰው።»

ወዲያው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ደጅ ላይ ነበርን። ኃላፊዎቹ ማኅተማቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት አንዲት ባለጉዳይ አሮጊት ናቸው፤ ጥጥ ይፈትላሉ።

«እማማ፣ ከመጣን ሦስተኛ ቀናችን ነው» አለ ከረባት ያሰረው።

«ሐሙስ ተመለሱ።»

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

«የዛሬውን ማን አለህ ልጄ።»

ቦይለሩ ግን ሰልፍ አልያዘም፤ ውስጥ ዘመድ ነበረው። ዘመዱ ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው በየወሩ እየመጣ እሱን የሚያነበውን ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ሰቅሎ እያነበበው ነበር። እሱን ትቶ ወደኔ ዞረ። መነጽሩን አደረገና ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ አነበበኝ።

«ከጥር 21 ቀን 2007 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ሳይጠፋ በርቷል። ለስንት ሰው ነው የሚያሞቀው?»

«ለማንም» አለ ቦይለሩ።

«ታዲያ ውስጡ ምን አለ?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር።»

ቆጣሪው መነጽሩን አወለቀ። «እንዲህ ያለ ሰው አሁን አይሠሩም» አለ፤ ያዘነ ይመስላል።

አዲሱን ሰው ከካርቶን አወጡት። ቁመቱ እኔን ያህላል፤ ጠጉሩ ላይ የማሸጊያ ፎም ተጣብቋል፤ የአምስት ዓመት ዋስትና አለው። ሊሞክረው ቦይለሩ ጆሮው ሥር ጠጋ አለና «አንተ ደንቆሮ» አለው። ሰውዬው ለሁለት ደቂቃ ያህል ቀላ። ከዚያ ከደረቱ ውስጥ ተክ የሚል ድምፅ ተሰማና ፊቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«እሺ ወንድሜ» አለ። «ቁርስ በላህ?»

ሰልፈኛው ሁሉ አጨበጨበ። አሰገደች ከየት እንደመጣች እንጃ፤ የአዲሱን ሰው እጅ ይዛ ቆየች። «ለብ ያለ ነው» አለች። «ይሄ ይሁንልኝ።»

«እኔስ?» አልኳት።

«ልዋጭ መጥቷል።»

ልዋጩ አህያ ነበር፤ ዕቃ መያዣ ጋሪውን የሚጎትትለት ከረባት ያሰረው ሰልፈኛ ነው። አህያው ሆዴን በኮቴው ኳ ኳ አድርጎ አዳመጠ። «ውስጡ ዝጓል። ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ እሰጣለሁ።»

«ሁለት ብቻ?» አለች አሰገደች። «ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩት ባሌ እኮ ነው።»

ልቤ ሞቅ አለ።

«አንድ መጥረጊያ ጨምርበት» አለች።

ጋሪው ላይ ሊጭኑኝ ሲያነሱኝ፣ «ቆይ፣ መልስ አለኝ» አልኩ። «አሥራ አንድ ዓመት ያፈላሁት መልስ ነው። እሱን ሰምታችሁ ውሰዱኝ።»

አህያውና አሰገደች ተያዩ። «ትኩስ ከሆነ ባልሽ ይቅርልሽ» አለ አህያው።

መርዕድን ጠሩት። ባልዲ ይዞ መጣና ከሥሬ አስቀመጠ። አሥራ ስድስቱም እንግዶች ሳህናቸውን እንደያዙ ዙሪያዬን ቆሙ። አሰገደች ራሷ ቧንቧዬን ከፈተችው። ተንተፋተፍኩ፤ አየር ተፋሁ፤ አንገቴ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ አንዲት ጠብታ ወረደች። መርዕድ በጣቱ ነካት።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ።

ብንን አልኩ። ረፍዷል። ትከሻዬን ይዞኛል። መታጠቢያ ቤት ሄጄ ሳይ አዲሱ ቦይለር ተሰቅሏል፤ ትንሽ ቀይ መብራት በርቶበታል። አሮጌው ወለሉ ላይ ተጋድሟል። መርዕድ እላዩ ላይ ተንበርክኮ ከሆዱ ነጭ ድንጋይ በእፍኙ እየዛቀ ባልዲ ውስጥ ይጨምራል። ባልዲውን የያዘችለት አሰገደች ናት።

«እንዴት አደሩ ጋሼ። ይሄን ይዩልኝ፣ ውሃው የተወው ኖራ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ውሃውን ትቶ ድንጋዩን ሲያሞቅ ነው የኖረው።» ድንገት ፊቱ በራ፤ ሳቅ ቀደመው። «ልክ እርስዎን እኮ ነው ጋሼ። ቀኑን ሙሉ ሲበላ ይውላል፤ ሲከፍቱት ግን ቀዝቃዛ።» ጉልበቱን መታ። «አሁን እኮ ነው የመጣችልኝ። ይቺን ለሰው ሳልነግር አልውልም።»

አሁን ነው የመጣችልኝ አለ። አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን ነገር እሱ ገና ዛሬ ያገኘው መስሎታል።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ አንዲት ቃል አልጎደለችውም። አሰገደች ባልዲውን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን አየችኝ። በዚህ መሃል አዲሱ ቦይለር ተክ አለና ቀዩ መብራት በራሱ ጊዜ ጠፋ። ሞቆ ጨርሷል። ቀናሁበት።

ፎጣዬንና ሳሙናዬን ከመስቀያው አንስቼ ወጣሁ። እትዬ ውድነሽ ከማዶ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «ጋሽ ዘርጋው፣ ዛሬ አልጮኹም። እናጥፋ ወይስ ይቅር?» አሉኝ።

ለእሳቸውም ሳልመልስ ወደ ግቢው ቧንቧ ሄድኩ።