የማይቸኩለው ፊርማ

በሩን ቆልፎ ደረጃውን ከወረደ በኋላ «ቆልፌው ነበር?» ብሎ የሚመለስ ሰው የሌለበት ቤተሰብ በምድር ላይ አይገኝም። የዚህን ወገን አለቃ የማወቅ ዕድል ገጥሞኛል፤ በሆስፒታል ምድር ቤት ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው የሚውሉ፣ ከሕመምተኛ የተወሰደውን ናሙና አይተው የበሽታውን ስም የሚያወጡ ሐኪም ናቸው። እኔ «ክቡር ደግሜ ልየው» እላቸዋለሁ።

ታላቅ እህቴ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣባት፤ በመርፌ በተቀዳው ናሙና ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የአንድ በሽታ ስም መስሎኝ ነበር፤ ለካ የትልቅ ቤተሰብ ስም ነው፤ ያውም መንትያ የበዛበት። ለእህቴ የተጠረጠሩት ሁለቱ መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል ነው፦ አንደኛው ዝግተኛ፣ ለዓመታት በክትትል ብቻ ሊያኖር የሚችል፤ ሌላው ችኩል፣ ብርቱ መድኃኒት ካልቀደመው የሚቀድም።

«የትኛው ነው?» አልኳቸው።

«ይህ ቁንጽል ነው። አንድ ገጽ አንብቤ በመጽሐፍ ላይ አልፈርድም፤ እጢው በሙሉ ይውጣልኝ።»

ወጣላቸው። በችኩሉ ላይ ብቻ የሚገኘውን ፕሮቲን በሚያሳይ ቀለም ነከሩት። ቀለሙ ፈዘዝ አለባቸውና አስደገሙት። እህቴ መስተዋት ፊት ቆማ፣ ብርቱው መድኃኒት ያረግፈዋል ብላ ፀጉሯን አስቀድማ መሰናበት ጀምራለች።

«ዶክተር፣ ዛሬስ?»

«እስቲ ደግሜ ልየው።»

በስድስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «የምንጠብቀው ሴሎቹ እስኪያረጁ ነው?»

«አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ እቀድማቸዋለሁ» አሉና ዓይናቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ።

እቤት ደርሼ ሳማርር እህቴ ሳቀች። «ተዋቸው ባክህ! አንተ ሚስት ለመምረጥ ስምንት ዓመት አልፈጀህም?»

በዘጠነኛው ቀን ፈረሙ። ፕሮቲኑ የለም፤ ዝግተኛው ነው። ለጊዜው ክትትል እንጂ መድኃኒት አያሻም።

ምድር ቤት ወርጄ እጃቸውን ልስም ስል ሸሹና ከመሳቢያቸው አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጡ።

«የመጀመሪያ ቀን ግምቴን ሁልጊዜ ጽፌ እደብቀዋለሁ፤ ስጨርስ ከውጤቱ ጋር አስተያየዋለሁ። እንካ፣ አንብበው።»

በገዛ እጃቸው የተጻፈው የችኩሉ ስም ነበር።

«ያን ዕለት ፈርመው ቢሆንስ?»

«እህትህ አሁን ለማያስፈልጋት መድኃኒት ክንዷን ዘርግታ ተኝታ ነበር።»

ሰው ስለ ፍጥነቱ ሲመሰገን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን በዚያ ጠባብ ክፍል ቆሜ፣ ስላስጠበቁኝ እያንዳንዷ ቀን፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።