ጤና ይስጥልኝ ብሎ የሚሳደብ

ሰላምታ ሰጥቶ የሚሳደብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ጉለሌ ቤቴ ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ገጥሞኛል። ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልኝ» ሲል፣ ጎረቤቴ እማማ ተዋቡ ነጠላቸውን አስተካክለው «አብሮ ይስጥልን፣ ልጄ» ይሉታል።

አንድ ምሽት ፈገግ ብሎ፣ «የእናት ጡት ነካሾቹ ወንበዴዎች እንደ ቅጠል ረገፉ!» አለ። የእማማ አንድዬ ልጅ ጫካ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መሞት መኖሩ አይታወቅም።

«ያጠባሁት እኔ! መነከሴን ለሱ ማን ነገረው?» ብለው ወደ ሳጥኑ ተጠጉ። «ይልቅ የሞቱትን ስማቸውን ንገረኝ!»

እሱ ምን ገዶት! ስለ አዝመራው ማማር ቀጠለ። ይሄ ነው እንግዲህ ጨዋው፣ ከረባት አሳሪው!

በማግስቱም ዓይኑን በጨው አጥቦ «ጤና ይስጥልኝ» አለን። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«መጀመሪያ የልጄን ነገር ይንገረኝ» አሉ።