ጳጉሜን የረሳ ደብተር

«እማዬ፣ በጳጉሜ አንበላም እንዴ?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ሰብለ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ልትገባ ስትል። እኔም ሥራ እንደበዛበት ትልቅ ሰው ሁሉ «ሂጂ ወዲያ፣ ሒሳብ አታሳስቺኝ» ብዬ አባረርኋት። ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ትልልቆቹ ጥያቄን የምንመዝነው በጠያቂው ቁመት ነው። የእሷ ቁመት ያኔ ከወገቤ ብዙም አያልፍም ነበርና ጥያቄዋም እዚያው ወገቤ ላይ ቀረ። ሽቅብ ተጉዞ ጆሮዬ እስኪደርስ ድፍን ዓመት ፈጀበት። የደረሰ ዕለት ግን ከተቀመጥሁበት በርጩማ አስነሣኝ።

እስቲ ከመስከረም ልጀምር። መስከረም ጠብቶ ያልዛተ ሰው ታውቃላችሁ? በእኛ በፍኖተ ሰላም አደይ አበባና ዛቻ አብረው ይፈነዳሉ። አንዱ «ዘንድሮ አረቄ በአፌ አይዞርም» ይላል፤ ሌላዋ «ሐሜት በቃኝ» ትላለች። ሐሜት በቃኝ ያለችው ጎረቤቴ ወርቄ ናት፤ መስቀል እንኳ ሳይደርስ፣ ማን ማን ዛቻውን እንዳፈረሰ በየቤቱ እየዞረች የምትነግረን እሷው ሆነች። የእኔ ዛቻ አንድ ነበር፤ የቤቴን ወጪ ቀንሼ ዕዳዬን መክፈል።

«ዕዳ ከሜዳ» ይባላል። የእኔ የመጣው ከሰማይ ነው። የነሐሴ በረዶ ወርዶ፣ አርጅቶ የሳሳውን የቤታችንን ቆርቆሮ እንደ ወንፊት በሳው። ድስት ሁሉ ከወጥ ሥራ ወጥቶ ጠብታ ሊቀበል ተሰለፈ። ምን ላድርግ? ቡሬ ድረስ ሄጄ እትዬ ተዋበች ዘንድ ሃያ አራት ሺህ ብር የሚያወጣ ቆርቆሮና ምስማር በዱቤ አነሣሁ። እትዬ ተዋበች እህልም ቆርቆሮም የሚነግዱ፣ ዐይናቸው ራሱ ሚዛን የሆነ ሴት ናቸው። ቀነ ቀጠሮው የከርሞው እንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ዋሴም የንስሐ አባቴ ቄስ ሞገስ።

ቄስ ሞገስ በዚህ ዓለም ያላቸው ሀብት አንዲት ቀይ ጊደር ናት።

«አባ፣ ገንዘቡ በቀኑ ካልመጣ ጊደሯን እነዳታለሁ፤ ቀልድ እንዳይመስልዎ» አሉ እትዬ ተዋበች ውሉን እያስፈረሙ።

«ኧረ እኔስ አይመስለኝም» አሉ ቄሱ። «ለእሷም እነግራታለሁ።»

የነገሯት ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስትግጥ ባገኘኋት ቁጥር ቀና ብላ፣ ማላመጧን ትታ፣ ትክ ብላ ታየኛለች።

ባሌ አስተማሪ ነው። እኔ የሰው በርበሬና ሽሮ አሰናድቼ ጥቂት አገኛለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ማካፈል አልረሳሁም፤ ሃያ አራት ሺህን ለአሥራ ሁለት ወር ሳካፍለው ሁለት ሺህ፣ ያለ ቀሪ! ሒሳብ ያለ ቀሪ ሲወጣ እንዴት ደስ እንደሚል የቀመሰው ያውቀዋል፤ እግዜር ራሱ «አይዞሽ» ያለኝ መሰለኝ። ከአቡጀዴ ቁራጭ አሥራ ሁለት ትንንሽ ከረጢት ሰፋሁ፤ በገመድ ሰክቼ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰቀልኋቸው። «ባንክ እያለ?» ትሉኝ ይሆናል። ስልክ ውስጥ ያለ ገንዘብ አይታየኝም፤ የማይታየኝን ደግሞ እፈጀዋለሁ። ከዚያ ደብተር ገዛሁና ለወሩ አንድ ገጽ፣ ለቀኑ አንድ መስመር አሰመርሁ፤ ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ ሳሙናውም በየመስመሩ ገባ። ሰብለ ከጎኔ ቆማ ገጾቹን በጣቷ እየቆጠረች ነሐሴ ላይ ደረሰች። ገለጠች፤ ባዶ። ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ ይኼኔ ነው።

ምን እንዳልኋት ነግሬያችኋለሁ።

ያ ዓመት! እናንተዬ፣ ቁጠባ እንዲህ የሚያስፈነድቅ ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ! ለወትሮው በባጃጅ የምደርስበትን ገበያ በእግሬ ስሄድ፣ ባጃጅ ባለፈኝ ቁጥር «ይኸው ገንዘቤን ይዤ ቀረሁ!» እያልሁ በልቤ እስቃለሁ። ስኳር ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ ወረደ። የዓመት በዓል ቀሚስ «ያምናውስ ምን ሆነ?» ተባለ። ባሌ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚጠጣት አንዲት ማኪያቶ ነበረችው፤ እሷን ስሰርዝበት ሦስት ቀን አኮረፈ።

«አንቺን የገንዘብ ሚኒስትር ያላደረገ አምላክ ለዚህ ሕዝብ አዝኗል» አለኝ በአራተኛው ቀን።

«ሆኜ ቢሆን የአገሩም ዕዳ ባለቀ» አልሁት። ሳቀ፤ ኩርፊያውም በዚያው አበቃ።

ከሁሉ ያገዘኝ ግን ጾም ነው። የእኛ ጾም ብዛቱን ታውቁታላችሁ፤ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱ ሲቀር ሰው ይከሳል፣ የእኔ ከረጢት ይወፍራል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሌላው ሲተክዝ እኔ እፈነድቅ ጀመር። ነገሩ ራሴን አሳሰበኝና ለንስሐ ሄድሁ።

«አባ፣ ዘንድሮ ጾሙን የወደድሁት ለእግዚአብሔር ብቻ አልመሰለኝም።»

«ለማን ነው ደግሞ?»

«ለጊደሯ።»

ቄስ ሞገስ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑና አሥራ ሁለት ስግደት ሰጡኝ፤ ለየወሩ አንድ መሆኑ ነው። እሳቸውም አሥራ ሁለት እንዳሉ ልብ በሉልኝ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና የእኔም እንቁላል ሄደ። ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን፣ ለበዓሉ ተብሎ ደሞዝ ቀደም ብሎ ገባ። አሥራ ሁለተኛውን ከረጢት ሞላሁ። ከተረፈው የልጆቹን መመዝገቢያና ደብተር ከፈልሁ፤ የቀረውን ለመስከረም ሠላሳ ቀን ደለደልሁት። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ስዳስስ እልል ማለት አማረኝ፤ ጎረቤት ሰምቶ «ምን ተገኘ?» እንዳይል በልቤ እልል አልሁ። ነሐሴ ሠላሳ ጠዋት ደብተሩን ይዤ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥሁ። የመጨረሻዋ ሽሮ፣ የመጨረሻዋ ዘይት፣ ሁሉም ዛሬ፣ ልክ በቀኑ ያልቃል። እንዴት ያምራል! ነገ እንግዲህ…

ነገ ጳጉሜ ነው።

ብድግ አልሁ። የሰብለ ጥያቄ ጆሮዬ ደረሰ።

አምስት ቀን፤ ያለ ሽሮ፣ ያለ ዘይት። ደሞዝ የሚባል ነገር እንደሆነ ጳጉሜን አያውቃትም። እኔም «መሥሪያ ቤቱ ከረሳት እኔ ብረሳት ምን ይደንቃል?» ብዬ ላመካኝ ነበር፤ ግን መሥሪያ ቤት እንጀራ አይበላም፣ እኛ እንበላለን። ከከረጢቱ ላንሣ ብል ከቀነ ቀጠሮው በፊት የምሞላበት የለኝም፤ የጊደሯ ዐይን ድቅን አለብኝ። ከመስከረሙ ላንሣ ብል ደግሞ አዲሱን ዓመት ከራሱ ተበድሬ ልጀምረው ነው። ያን ሁሉ ዝቼ! «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ፤ እኔ ሞኙንም ወረቀቱንም ሆንሁ። ለባሌ ልንገረው? ማኪያቶውን የሰረዝሁበትን ሰውዬ? ሞቼ ነው!

መላው የመጣልኝ ያኔ ነው። ጳጉሜን የሚጾሙ አሉ። የፈቃድ ጾም ናት፤ ካህናቱና አንዳንድ የበረቱ እናቶች ይይዟታል። እኔ ይዣት አላውቅም።

«ዘንድሮ ጳጉሜን እንጾማለን» አልሁ ራት ላይ፣ ዐይኔን መሬት ተክዬ። «ዓመቱን በንጽሕና እንድንቀበለው።»

ባሌ ትክ ብሎ አየኝ። «እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ። ከዚያ በቆሎ አለ። ልጆቹ ጠዋትም ይበላሉ።»

በቆሎስ በእውነት ነበረ። ማንኩሳ ያለው ወንድሜ ከማሳው እሸት በጆንያ ልኮልኛል፤ በዚህ ወቅት በእኛ አገር በቆሎ ያጣ ሰው ዘመድ ያጣ ብቻ ነው።

ጳጉሜ አንድ ጠዋት ወርቄ ቂጣ ልትቆርስልኝ ስትል «ጾም ነኝ» አልኋት። ወርቄን አስተዋውቄያችኋለሁ። እስከ ቀትር ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እስከ ማታ ሦስት ሴቶች አብረውኝ ያዙ። በሦስተኛው ቀን በሩፋኤል፣ ልጆቹ «ተባርከናል» እያሉ ዝናቡ ውስጥ ሲቦርቁ፣ ጾመኞቹ ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ደርሰን ነበር። «አንቺ ባትጀምሪው በምን ወኔያችን!» እያሉ ጉልበቴን ሊስሙኝ ምንም አልቀራቸው። እኔ ዐፈርሁ። ሆዴም ጮኸ። ከሁለቱ የቱ እንደባሰብኝ እንጃ።

ጳጉሜ አራት፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠያይቀን ከቄስ ሞገስ ጋር በሚኒባስ ቡሬ ገባን። ብሬ አብዛኛው ከበርበሬ ሥራዬ ያገኘሁት ዝርዝር ነውና አሥራ ሁለቱን ከረጢት በነጠላዬ ስር ታጥቄ ነፍሰ ጡር መስያለሁ። እትዬ ተዋበች ከሚዛናቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ከረጢቶቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርሁላቸው።

«ምንድን ነው ይኼ? ክታብ ነው?»

«ገንዘብዎ ነው፣ እትዬ።»

ቆጠሩ። ብሩ በርበሬ በርበሬ ስለሚል ሦስት ጊዜ አነጠሱ፤ ባነጠሱ ቁጥር ቁጥሩ ይጠፋባቸውና እንደገና ይጀምራሉ። የእኔ ልብም አብሯቸው ይጀምራል። በመጨረሻ ቀና ብለው ቄሱን አዩአቸው።

«አይ አባ፤ ጊደሯን ወድጃት ነበር እኮ።»

«እሷ ግን እርስዎን አልወደደችዎትም» አሉ ቄስ ሞገስ።

እትዬ ተዋበች ውሉን ከመሳቢያ አውጥተው በእጄ ሰጡኝ፤ ቀደድሁት። እናንተዬ፣ ወረቀት ሲቀደድ እንዲያ ያለ ዜማ እንዳለው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር! ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት የማየው ማሳ፣ በቆሎው፣ አደዩ ሳይቀር፣ አብሮኝ ከዕዳ የወጣ መሰለኝ። «እልል!» አልሁ፤ አሁን በአፌ። ተሳፋሪው ዞሮ ሲያየኝ ቄስ ሞገስ «ጊደር ተወልዳላት ነው» ብለው አስተባበሉልኝ።

ቤቴ በር ላይ ወርቄ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«እንኳን መጣሽልን! ተመካክረናል። ጾሙን ያስያዝሽን አንቺ ነሽና የምንፈታውም አንቺው ቤት ነው፤ እንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ። አባም ይባርኩልናል።»

ከጭንቀት ነፃ የሆንሁት ከቡሬ እስከ በሬ ድረስ ብቻ ነበር።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ቤቴ ያለው ዶሮዬ የጣለቻቸው አራት እንቁላሎችና የወንድሜ በቆሎ ነው። ቀቀልሁት፤ የመስከረሙ ብር ለየቀኑ ተደልድሏልና ሌላ ምን አቅም አለኝ። ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ «ባዶ እጃችንን አንመጣም ብለን ነው» እያሉ ሁሉም በጨርቅ የተሸፈነ ሰሃን አስቀመጡ። አሥር ሰሃን! ተመስገን አልሁ፤ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ዱለት፣ አንዱ አይብ መሆን አለበት። ቄስ ሞገስ ባረኩ። የመጀመሪያው ጨርቅ ተገለጠ።

በቆሎ።

ሁለተኛው ተገለጠ። በቆሎ፣ የተጠበሰ። ሦስተኛው፣ በቆሎ። እስከ አሥረኛው፣ በቆሎ።

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ይደበቃል? «እኔ የጾምሁት ለጽድቅ አይደለም» አልኋቸው፣ ፊቴ እንደ በርበሬ እየቀላ። «ደብተሬ ላይ ጳጉሜን ረስቻት ነው።»

ባሌ ከጥግ «ማኪያቶዬን!» ብሎ ጮኸ።

«እኔስ?» አለች ወርቄ። «ቤቴ ውስጥ ጠብታ ዘይት አልነበረም! ‹ጾም ነኝ› ስትይኝ እኮ የምስራች ነው የመሰለኝ!» ከዚያማ ማን ይያዘን፤ አንዷ ከአንዷ አፍ እየነጠቀች፣ ዓይናችን እንባ እስኪያቀርር እየሳቅን፣ ሁላችንም ተናዘዝን። አሥራ አንድ ቤት፣ አሥራ አንድ ባዶ ድስት፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ «እኔ ብቻ ነኝ» ሲል ከርሟል። ተቸገሩ ከምንባል ጾሙ ብንባል እንመርጣለን። ጾሙ ገበናችንን ሸፈነልን፤ በቆሎው ገለጠብን።

ቄስ ሞገስ አንድ ራስ በቆሎ ፈልፍለው ጨረሱ። ከዚያ፣ «ከኪስ ይነሣ ከልብ፣ ጾሙ ካሰበበት ደርሷል፤ እግዚአብሔር መንገዱን አይጠይቅም» አሉ። «ጊደሯም እንኳን አደረሳችሁ ብላለች።»

በማግስቱ ማልጄ ተነሣሁና አዲስ ደብተር ከፈትሁ። በመጀመሪያው ገጽ ራስ ላይ፣ ከመስከረምም አስቀድሜ፣ «ጳጉሜ» ብዬ ጻፍሁ። አሥራ ሦስተኛ ከረጢትም ሰፋሁላት። ከዚያ ሰብለን ቀስቅሼ በርጩማዬ ላይ አስቀመጥኋትና ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አኖርሁላት። እኔ ቁመቴ ከቁመቷ እንዲያንስ መሬት ቁጭ አልሁ።

«በይ፣ አሁን ጠይቂኝ» አልኋት።