ሦስት ምስክር ያጣችው መርከብ

ክረምቱ ከባድ ነበር። ዝናቡ አላባራም፣ እግሬ አበጠ፣ ጣሪያዬ አፈሰሰ። ዐሥራ አንድ ጊዜ ጡረታ ቢሮ ተመላለስኩ። በጦር መርከብ በ«ነበልባል» ሞተር ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ፤ መዝገቤ ግን የለም። «አብረውዎት የነበሩ ሦስት ምስክር ያምጡ» ይሉኛል። ሞተዋል። የመርከቧ ታሪክ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የት እንደተሠራች፣ ስንት መድፍ እንዳላት፣ ስንቴ እንደታደሰች። አንድ የሰው ስም ግን የለበትም።

ትናንት ወረፋ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜ ከቢሮው መስኮት ወዲያ ከረባት አስሬ ተቀምጫለሁ። የተሰለፉት የጦር መርከቦች ናቸው። ውኃቸው በደረጃው ይንጠባጠባል። ከኋላዬ ያለው መደርደሪያ በመርከበኞች ታሪክ ተሞልቷል። አንዱን ገለጥኩ፦ «ተስፋልደት። ክብደት ስልሳ ሁለት ኪሎ። በ1961 ባሕር ላይ ዋለ። በ1968 ሁለት ጥርስ ተቀየረለት። ሁለት ጊዜ አገባ፣ አንድ ጊዜ ሰጠመ።»

የነበልባል ተራ ደረሰ። አፍንጫዋን በመስኮቱ አስገባች።

«ጌታዬ፣ ሃያ ስምንት ዓመት አገልግያለሁ።»

«ማስረጃ?»

«ሆዴ ውስጥ ሲተኙ አልኖሩም? አያውቁኝም?»

«የማውቀውን ማን ጠየቀሽ? ሦስት ምስክር አምጪ።»

«ምስክሮቼ ባሕር ውስጥ ቀሩ።»

«አውጥተሽ አምጪያቸው!»

ወዲያው ምጽዋ ወደቡ ላይ ቆመናል። መኮንኖች ባሕሩን ግራጫ ቀለም ይቀባሉ። ነበልባል ሦስት ሻርኮች ይዛ መጣች።

«ሠራተኞቿን ታውቃላችሁ?» አልኩ።

«አንዱን በልቼዋለሁ» አለ ትልቁ። «ይያዝልኛል?»

«መቼ?»

«ዓርብ።»

«ዓርብ ጾም አይደለም እንዴ?»

«እኛ የምንጾመው ዓሣ ነው። ሰው ይፈቀዳል።»

ምስክርነቱን ውድቅ አደረግሁት። የነበልባል ዝገት እንደ እንባ ወረደ። ያኔ በራሴ ተናደድኩ። ማኅተሙን አንሥቼ «እኔ ራሴ ምስክር ነኝ! ሞተሯን በእጄ...» ብዬ ጮኽኩ።

መስታወቱ ተንኳኳ።

«አባባ፣ ይንቁ እንጂ! ስምዎ ተገኘ።» የጡረታ ቢሮው ጸሐፊ ልጅ ናት።

ዘልዬ ተነሣሁ። «የት?»

«የመርከቧ የሐራጅ ዝርዝር ላይ። መልሕቅ ሁለት፣ የነፍስ አድን ጀልባ አራት፣ ሞተረኛ አንድ፣ ስም ገብረየስ ዋቅጅራ።»

«እኔ ሰው ነኝ፣ ልጄ!»

«አልካድኩም። ግን የተሸጠ ንብረት ጡረታ አይታሰብለትም።»

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት! ማነው በእኔ ሽያጭ ገንዘብ የተቀበለው?»

ወረቀቱን ገልብጣ አነበበች።

«የባዕድ ወደብ ነው። መርከቧ ተሰድዳ አምስት ዓመት የቆመችበት ኪራይ ነበረባት። ይኸው፣ ከሽያጩ በኋላ ‘ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል’ ይላል።»