ክቡር አቶ ደግፌ እና ማሻሻያዎቻቸው

እድር ባለበት ሁሉ፣ ሰው ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ብሎ የሚነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። ለሼፈርድስ ቡሹ እድራችን የደረሰው ግን የባሰው ነው። ክቡር አቶ ደግፌ ዐሥራ አንድ ዓመት ኦሃዮ ኖረው፣ ልጃቸውን ተከትለው ለንደን ሲገቡ፣ የአሜሪካንን ሕገ መንግሥት በደረት ኪሳቸው ይዘው መጡ።

ሊቀ መንበሩ «ያሳጥሩልን» ሲሏቸው «የመናገር ነጻነት፣ አንደኛው ማሻሻያ» ይላሉ። ሻይ ያፈላው ኮሚቴ ስለ ሻዩ ጥሩነት ራሱ ሊመሰክር አይችልም፣ ሥልጣን ይከፋፈል ብለው ሲከራከሩ ሻዩ ቀዝቅዞ ያውቃል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዩኬ ነው» ትላቸዋለች፣ እዚሁ የተወለደችው ጸሐፊያችን ዳናዊት።

«ልጄ፣ ሥልጣን የትም አገር ሥልጣን ነው።»

ባለፈው መጋቢት፣ ሦስት ስብሰባ የቀረ ይሰረዛል የሚለው ደንብ እኔን ያዘ። ለንደን ውስጥ ዘመድ የለኝም፤ የሚቀብረኝ እድሬ ነው። ዳናዊት ስሜን አንብባ «ሩሉ ክሊር ነው» አለች። እጆች ወጡ። ክፉ ሰው አልነበረም በመካከላቸው፤ ደንብ ነው ብለው ነው። እኔ ኋላ ወንበር ላይ አቀርቅሬ የነጠላዬን ጥለት አያለሁ።

አቶ ደግፌ ተነሱ። ከየወንበሩ «ኡፍ» ተባለ።

«ሠላሳ አንድ እጅ ቆጠርሁ። ሦስት መቶም ቢሆን፣ ሰው ሳይጠየቅ አይፈረድበትም። አምስተኛው ማሻሻያ ላይ...»

«አሜሪካ አይደለንም፣ አቶ ደግፌ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ታዲያ እዚህ መጠየቅ ክልክል ነው?»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ እኔ ዞሩ። «እትዬ አስካለማርያም፣ ለምን ቀሩ?» ብለው ተቀመጡ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተናገርሁ። «ዓይኔን ሞራ ጋርዶት የባሱ ቁጥር አይታየኝም። ሰው ለማስቸገር አፍሬ ነው።»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ስሜ ሳይሰረዝ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ደግፌ በየስብሰባው ቀን ኬኒንግተን ቤቴ ድረስ መጥተው ይወስዱኛል። ፌርማታው ላይ ቁጥሩን ያነቡልኛል፤ ከተሳፈርን በኋላ የአሜሪካ ሁለቱ ምክር ቤቶች ፕሬዚዳንቱን እንዴት እንደሚቆጣጠሩት እስክንወርድ ድረስ ያስረዱኛል። አንዳንዴ ተሳፋሪው ዞሮ ያየናል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም።

ነሐሴ ላይ ዓይኔን ኦፕሬሽን ተደረግሁ። አሁን ቁጥሩን ባሱ ገና ከሩቅ ሲመጣ አነባለሁ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።